ጭስ አልባ የድንጋይ ከሰል ድሬ ገብቷል፤ ለቆፋሪው እንጀራ ይሆናል ወይስ ስንብት?

የቀፊራ ልጅ (ድሬዳዋ)
ማክሰኞ፣ ማታ 2፡10

ሰላም የድሬና የሐረር ልጆች። ነገሩ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

እናቴ ከሰል ነጋዴ ናት። ቀፊራ አካባቢ መሸጥ ከጀመረች 23 ዓመቷ ነው። ከሺኒሌ በኩል የሚመጣውን በማዳበሪያ ትረከባለች፣ በቆርቆሮ እየሰፈረች ትቸረችራለች። እኛን አራት ልጆቿን ያሳደገችን በዚያች ቆርቆሮ ነው። ጥፍሯ ሥር ያለው ጥቁር መስመር በበዓል ቀን እንኳ በሎሚ ታሽቶ አይለቅም።

ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው ናሙና ይዞ መጣ። የእንቁላል መጠን ያላቸው፣ ወደ ግራጫ የሚያደሉ ጥቁር ድብልብሎች ናቸው። «ከአገር ውስጥ የድንጋይ ከሰል የተሠራ ነው፣ ጭስ የለውም» አላት። ሁለት ኬሻ ትቶላት ሄደ። ሞክሪውና እንነጋገራለን ብሏታል።

እሑድ ቡና አፈላንበት። መያያዝ ላይ አስቸጋሪ ነው። ላቀቹ ላይ ከሥር የእንጨት ከሰል አድርገን፣ እሱን ከላይ ደርድረን፣ ሩብ ሰዓት አራገብን። ከያዘ በኋላ ግን ሌላ ነገር ነው። አቦሉም ቶናውም በረካውም ወጥቶ፣ ጎረቤት መጥቶ እንደገና ተቆልቶ ተፈልቶ፣ ፍሙ እንደቀላ ነበር። ጭስ አላየንም። ክብሪት ሲጫር የሚሸተው ዓይነት ሽታ ብቻ ነበረው።

ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ዳውሮ ነው ያለው። የድንጋይ ከሰል ማውጫ ላይ ይሠራል። ስልክ ደውዬ ስነግረው በደስታ ጮኸ። «እስካሁን የምንቆፍረው ለሲሚንቶ ፋብሪካ ብቻ ነው። የየቤቱ ማንደጃ ከተጨመረማ ሥራ በሽ ነው!» አለኝ። እናቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ ትሰማለች። «ለእሱ ሥራ ከሆነ ለእኔስ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ይህንን ነገር ቀድመው የሞከሩ አገሮች አሉ። እዚያ የማዕድን ሠራተኛው ምን ሆነ? በእርግጥ የምታውቁ ጻፉልኝ። እናቴ ቅዳሜ ለሰውየው መልስ መስጠት አለባት።


አስተማሪዋ (ሐረር)
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡25

የቀፊራ ልጅ፣ እናትሽን ሳሚልኝ። ሃይስኩል ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ስለ ሥራው ሌሎች ይምጡበት፣ እኔ ስለ ነገሩ ምንነት ልጻፍ።

ይህንን ለመረዳት ከእኛ የቀረበ ሰው የለም። እንጨት ሲነድ ይጨሳል። ከሰል ሲነድ አይጨስም። ለምን? ከሰሉ ጭሱን ጫካ ውስጥ ጨርሶ ስለመጣ ነው። አክሳዩ እንጨቱን ይቆልላል፣ በቅጠልና በአፈር ይደፍናል፣ አየር እየነሳ ለቀናት ያበስለዋል። ውሃው፣ ቅጥራኑና የሚነድደው ጋዝ ይወጣል። የሚቀረው ፍም የሚሆነው ብቻ ነው።

የድንጋይ ከሰልም እንደዚያው ነው። ስሙ ከሰል ይሁን እንጂ ጠባዩ የእንጨት ነው፤ ውስጡ ቅጥራንና ጋዝ አለ። ጥሬውን ካነደድሽው ቢጫ፣ ከዚያ ጥቁር ጭስ ይለቃል። ስለዚህ ራሱን እንደገና ማክሰል ያስፈልጋል። በተዘጋ ምድጃ፣ ያለ አየር፣ በከፍተኛ ሙቀት።

ቶማስ ፓርከር የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1904 ይህንን ለቤት በሚሆን መንገድ ሠራው። ኮክ የሚባለው ከዚያ በፊትም ነበር። እሱ ግን ከ1000 ዲግሪ በላይ ስለሚከስል ድርቅ ይላል፣ በቤት ምድጃ ቶሎ አይያያዝም። ፓርከር ሙቀቱን ወደ 640 ዲግሪ ዝቅ አደረገው። ጭሱ ይወጣል፣ እሳት ለመያዝ የምትበቃ ትንሽ ጋዝ ግን ውስጡ ትቀራለች። ስሙን ኮላይት አለው።

አሁን የእናትሽ ጉዳይ። ገበያ ላይ «ጭስ አልባ» የሚባለው ሁሉ አንድ አይደለም። የከሰለ አለ። ደቃቁን በሞላሰስ ወይም በሸክላ አፈር ለውሶ የጨመቀ ብቻም አለ። የተጨመቀ ሁሉ ጭስ አልባ አይደለም። ቅርጹ አያታልላችሁ።

መለያ መንገድ ይኸውላችሁ። የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ውሰዱ። ድብልብሉን ሰብራችሁ ጨምሩ፣ ክዳኑን በጭቃ ምረጉ፣ አናቱ ላይ በሚስማር አንድ ቀዳዳ ብሱ። ከቤት ውጪ፣ የጋለ ፍም ላይ አስቀምጡት፣ እናንተም ራቅ በሉ። በቀዳዳው ወፍራም ቢጫ ጭስ ከወጣ ጥሬ ነው። እዚህ ግባ የማይባል ከወጣ ከስሏል።

የክብሪት ሽታው ድኝ ነው። ሲከስል የተወሰነው ይሄዳል፣ የተወሰነው ይቀራል። ጭስ አልባ ማለት ሽታ አልባ ወይም መርዝ አልባ ማለት አይደለም።


ከድሬ እስከ ሼፊልድ
ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡40

አቦ የቀፊራ ልጅ፣ ጥያቄሽ እንቅልፍ ነሳኝ። ተወልጄ ያደግኩት ለገሃሬ ነው። ሼፊልድ ከገባሁ 19 ዓመቴ ነው፣ አውቶቡስ እነዳለሁ። የምነዳበት መስመር ድሮ የከሰል ማውጫ የነበሩ መንደሮችን እየሰነጠቀ ያልፋል። ከእኔ ጋር ዴፖ የሠሩ ሁለት ሽማግሌዎች የቀድሞ ቆፋሪዎች ነበሩ።

መጀመሪያ ለምን ጭስ አልባ እንደፈለጉ ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1952 ለንደን ላይ ለአምስት ቀን ጭስና ጉም ተጋግሮ ቆመ። ከሞቱት ውስጥ በጊዜው 4,000 ያህሉ በእሱ ሰበብ ነው ተባለ። በኋላ የተጠና ግምት እስከ 12,000 ያደርሰዋል። አብዛኛው ጭስ ከየቤቱ የጭስ ማውጫ የወጣ ነበር። ከዚያ በ1956 የንጹሕ አየር ሕግ ወጣ። የከተማ አስተዳደሮች ሠፈር ለይተው «እዚህ ጥሬ ከሰል ማጨስ ክልክል ነው» ማለት ቻሉ። ምድጃውን ለሚቀይር ባለቤት ከወጪው አሥር እጅ ሰባቱ ይሸፈንለት ነበር። ይህንን ያዙልኝ፤ ሕዝቡን ዝም ብለው ቀይር አላሉትም።

ሕጉን ከሁሉ ዘግይተው የተቀበሉት እነማን እንደሆኑ ታውቃላችሁ? ከሰል የሚያወጡት መንደሮች። ምክንያቱ ደግሞ ግልጽ ነው። ቆፋሪው ከደመወዙ ጋር ለቤቱ የሚነድ ከሰል በነጻ ይሰጠዋል። መኪና መጥቶ ደጁ ላይ ይገለብጥለታል፣ ልጆቹ በአካፋ ወደ ውስጥ ያስገባሉ። ጥሬ ከሰል ነው፣ ይጨሳል። አንዱ ሽማግሌ ሲነግረኝ እናቱ ነጭ ልብስ አጥባ ካሰጣች በኋላ እጇን ዘርግታ የአየሩን ጥቀርሻ ትለካ ነበር። ግን ያ ከሰል የደመወዙ አካል ነው። እንዴት ይተወው? በኋላ በተከለከለባቸው ሠፈሮች በጥሬው ፈንታ ጭስ አልባ ይሰጣቸው ጀመር።


የቀፊራ ልጅ
ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡15

እግዜር ይስጥልኝ ሁለታችሁንም። ቆርቆሮውን ዛሬ አዘጋጃለሁ።

የሼፊልዱ ወንድሜ፣ ግን ዋናውን አልነገርከኝም። ሥራው ጨመረ ወይስ ቀነሰ?


ከድሬ እስከ ሼፊልድ
ረቡዕ፣ ከሰዓት 8፡05

ፈረቃ ላይ ስለነበርኩ ነው። አሁን ተቀመጥኩ።

መልሱ ሁለቱም ነው። መጀመሪያ ጨመረ ወይም ያለውን አቆየ። ለምን መሰለሽ? አንድ ቶን የድንጋይ ከሰል ስታከስዪ የሚተርፍሽ ወደ 7 ኩንታል ያህል ነው። ሌላው ጋዝና ቅጥራን ሆኖ ይሄዳል። ስለዚህ ያንኑ ያህል ማንደጃ ለመሙላት ብዙ መቆፈር አለበት። ሁለተኛ፣ ጭስ አልባው የሚሠራው ከደቃቁ ጭምር ነው። በፊት ደንበኛ የሚፈልገው አንኳሩን ነበር። ደቃቁን ለማንደጃ የሚገዛው አልነበረም። ፋብሪካው ሲመጣ ደቃቁም ዋጋ አገኘ። በዚያ ላይ የፋብሪካው ሥራ አለ። ደርቢሻየር ውስጥ ቦልሶቨር የሚባል ቦታ የነበረው የኮላይት ፋብሪካ እ.ኤ.አ. እስከ 2004 ቆይቷል።

ግን ጭሱ የት ሄደ? አስተማሪዋ እንዳለችው ከሰሉ ጭሱን ጨርሶ ነው የሚመጣው። የሚጨርሰው አንድ ቦታ ላይ ነው። እዚያ ቦታ የሚተነፍሱ ሰዎች አሉ። ደቡብ ዌልስ፣ አበርኩምቦይ የምትባል መንደር አለች። ፈርናሳይት የሚባለውን ጭስ አልባ እንክብል የሚሠራ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1942 ጀምሮ ለ50 ዓመት ገደማ እዚያ ሠርቷል። ደቃቁን ከሰል ከቅጥራን በሚገኝ ሙጫ ለውሶ፣ ጨምቆ፣ መልሶ ማክሰል ነበር ሥራው። የለንደን አየር ሲጠራ የዚያ ሸለቆ አየር ጠቆረ። ሠራተኞቹ በሳንባ በሽታና በካንሰር ታመሙ። ከተዘጋ ከ20 ዓመት በላይ አልፎ፣ በ2012 ነው ፍርድ ቤት ለተወሰኑት የፈረደላቸው። ብዙዎቹ በዚያን ጊዜ አልነበሩም።

ሥራውስ? በ1950ዎቹ በእንግሊዝ የከሰል ማውጫዎች ወደ 700 ሺህ ሰው ይሠራ ነበር። በ1970 ወደ 300 ሺህ ወርዷል። ይህንን ያደረገው ጭስ አልባው አይደለም። ዘይትና ጋዝ ነው። በ1965 ሰሜን ባሕር ላይ ጋዝ ተገኘ፣ ከ1967 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል የአገሪቱ ምድጃ ሁሉ እየዞረ ተቀየረለት። ባቡሩም ከከሰል ወደ ናፍጣ ሄደ። ግን አንድ የታዘብኩት ነገር አለ። ሰው አንዴ የድሮ ምድጃውን አፍርሶ በመንግሥት ገንዘብ ከቀየረ በኋላ፣ ሁለተኛውን ለውጥ አይፈራም። ከጥሬ ከሰል ወደ ጭስ አልባ፣ ከጭስ አልባ ወደ ጋዝ። ጭስ አልባው መሸጋገሪያ ድልድይ ሆነ። ቆፋሪው ግን ድልድዩን ቤቱ አድርጎ ነበር የቆጠረው።

የመጨረሻው ጥልቅ ጉድጓድ፣ ኬሊንግሊ የሚባለው፣ በታኅሣሥ 2015 ተዘጋ። ከእኛ ብዙም አይርቅም። ጭስ አልባው ነዳጅ ግን እዚህ ሱቅ ውስጥ ዛሬም ይሸጣል። በእንግሊዝ ጥሬ ከሰል ለቤት መሸጥ ከ2021 ጀምሮ በደረጃ ሲከለከል እሱ ተፈቅዶ ቀረ። ምርቱ አለ፣ ቆፋሪው የለም።


ጡረተኛው ፊተር (ድሬዳዋ)
ረቡዕ፣ ማታ 1፡30

ልጆች፣ ሁሉንም አነበብኩት። ልጄ ናት ስልኩን የያዘችልኝ፣ እኔ እየነገርኳት ትጽፋለች።

አባቴ በእንፋሎት ባቡር ዘመን እሳት ጫሪ ነበር። ፊቱ በግራ በኩል ከቀኙ የጠቆረ ነበር፣ እሳቱ በዚያ በኩል ስለሚመታው። ናፍጣው መጣና የእሳት ጫሪ ሥራ የሚባል ነገር ከነስሙ ጠፋ። አባቴን ወርክሾፕ አዛወሩት። እኔንም እጄን ይዞ እዚያው አስገባኝ። 34 ዓመት ፊተር ነበርኩ።

ይህች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ደርሶ የተቆረቆረች ናት። በኋላ የድሮው መስመር ቆመ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር እ.ኤ.አ. በ2016 ሲመረቅ ደስ ብሎኝ አልቅሻለሁ። ግን ጣቢያው ከከተማው ውጪ ነው። እኛ የምናውቀውን ብረት የሚጠይቅ ማሽን የለውም። ከዚራ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ቀን የሚቆጥሩ ጎበዝ ባለሙያዎች አየሁ። ሥራ አልጠፋም፣ ተዛወረ ይሉናል። እውነት ነው፣ ተዛወረ። አባቴ ከእሳት ወደ ወርክሾፕ ሲዛወር ግን አብሮ የተዛወረ ሰው ነበር። የእኛ ጊዜ ሥራው ብቻ ሄደ።

ልጄ፣ የወንድምሽን አለቆች እንዲህ ብለሽ ጠይቂልኝ። ፋብሪካው ሲተከል ቆፋሪውን ያስገባሉ ወይስ ሌላ ሰው ያመጣሉ? ሥልጠናው ለማን ነው?


የሌሊት ተረኛ (ሐረር)
ረቡዕ፣ ማታ 4፡50

ነርስ ነኝ። ከሥራው ይልቅ አንድ ነገር ያስፈራኛል።

ጭስ ጠባቂያችን ነው። ዓይን ያቃጥላል፣ ያስላል፣ በር እንድንከፍት ያደርገናል። ጭስ ከሌለ በር የሚያስከፍተን የለም። ፍሙ ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ መልቀቁን አያቆምም። ቀለም የለውም፣ አይሸትም።

ሐረር እንደ ድሬ አይደለችም፣ ሌሊቱ ይበርዳል። ጀጎል ውስጥ ቤቱ ጠባብ ነው፣ ግድግዳው ወፍራም ነው። ማንደጃውን ወደ መኝታ አስገብቶ፣ በር ዘግቶ መተኛት ያለ ልማድ ነው። አንድ ሌሊት ሁለት እህትማማቾች አመጡልን። ታናሽየዋ ራሷን ይዛ «ትንሽ አዞረኝ» ትላለች። ታላቅየዋ አልነቃችም። ወላጆቻቸው ምግብ መርዟቸው ነው ብለው ወተት ሲያጠጧቸው ነበር። ማንደጃው ውስጥ የነበረው ዕጣን ገና አላለቀም ነበር። ታላቅየዋን በኦክስጅን አዳንናት፣ ለቀናት ግን የቤታቸውን መንገድ አታስታውስም ነበር።

ሞንጎሊያን ላንሳ። ዋና ከተማዋ ኡላንባታር በክረምት በከሰል ጭስ ታፍና ትኖር ነበር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 ጥሬ ከሰል ተከለከለ። በምትኩ ታጥቦና ተጨምቆ የተዘጋጀ ከሰል ቀረበ። የከተማው ጭስ በጣም ቀነሰ። ግን በመጀመሪያው ብርድ ሰዎች በካርቦን ሞኖክሳይድ ሞቱ፣ ብዙዎች ሆስፒታል ገቡ። አነዳዱ ይለያል፣ ምድጃው ያው የድሮው ነው፣ አስቀድሞ በቂ ትምህርት አልተሰጠም።

የቀፊራ ልጅ፣ እናትሽ ብትሸጠው ለእያንዳንዱ ደንበኛ ይህንን ትንገርልኝ። ከውጪ ይያያዝ። ቡና የሚፈላበት ክፍል መስኮቱ ይከፈት። ሲተኙ ማንደጃው ወደ ውጪ ይውጣ፣ አመድ የመሰለውም ቢሆን። አመዱ ሥር ፍም አለ። ይሄኛው ደግሞ ረዥም ሰዓት ነው የሚቆየው፤ እናንተ በረካ አልፎ እንደቀላ ነበር ብላችኋል። እኔን ያስደነገጠኝ እሱ ነው።


አስተማሪዋ (ሐረር)
ረቡዕ፣ ማታ 5፡20

እህቴ ስለ ሞንጎሊያ ያነሳሽው ለሥራውም ይጠቅማል። ናላይኽ የምትባል ቦታ አለች፣ ከዋና ከተማው 35 ኪሎ ሜትር ያህል ናት። አገሪቱ የመጀመሪያውን የከሰል ማውጫ የከፈተችው እዚያ ነው። የመንግሥቱ ማውጫ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሲዘጋ ሰዎች በራሳቸው እጅ እየቆፈሩ ለከተማው ይሸጡ ነበር። አደገኛ ሥራ ነው፣ ግን እንጀራቸው ነው። ጥሬው ሲከለከል ገበያቸው ሄደ። አዲሱ ነዳጅ የሚዘጋጅበት ከሰል ከደቡብ ጎቢ፣ ከትልልቆቹ ማዕድኖች ነው የመጣው። ከተማው አሁንም ከሰል ያነዳል፤ የሚያወጣው ሰው ግን ተቀየረ።

የዳውሮው ወንድምሽ ናላይኽ ነው ወይስ ጎቢ? መጠየቅ ያለበት ይሄ ይመስለኛል።


ጭነት በተሳቢ
ሐሙስ፣ ጠዋት 12፡45

እኔ በግልጽ እቃወማለሁ። የሰቢያን ልጅ ነኝ፣ ከባድ መኪና እነዳለሁ። ጅቡቲንም ምዕራቡንም አውቀዋለሁ።

ከዳውሮ ድሬ ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በነዳጅ፣ በጎማ፣ በኬላ የምናወጣውን አስቡት። ያንን ሁሉ መንገድ ተጉዞ የመጣ ፍም የቀፊራ ሴት በምን አቅሟ ትገዛዋለች? የሲሚንቶ ፋብሪካ ይግዛው። ሲሚንቶ ደግሞ እዚሁ አለ። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1936 የተተከለው ድሬ ነው። ሲሚንቶ ለማብሰል ጭስ አልባ መሆን አያስፈልገውም፣ ሙቀት ብቻ ነው የሚፈልገው። ከውጭ በዶላር ሲገባ የኖረውን ከሰል የአገር ውስጡ ቢተካ ለቆፋሪው ይበልጥ የሚያዋጣው እሱ ነው።

ለቤት ከሆነ ደጃችን ላይ ፕሮሶፒስ አለ። መሬቱን፣ ግጦሹን፣ ጎዳናውን የወረረው ያ እሾኽ። በ1970ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. አምጥተው የተከሉት እዚሁ ድሬ አካባቢ ነበር ይባላል። አሁን አፋርን ጠቅልሎታል። ግራሩን ከምንጨፈጭፍ እሱን እናክስለው። አክሳዩም እዚሁ፣ ነጋዴዋም እዚሁ፣ ገዢውም እዚሁ።


የደቃቁ ልጅ (ዳውሮ)
ሐሙስ፣ ከሰዓት 9፡30

ወንድሟ ነኝ። እህቴ ሊንኩን ላከችልኝ። እዚህ ኔትወርክ የሚይዘው ኮረብታው ላይ ስለሆነ እዚያ ወጥቼ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ቦታውን ልሳልላችሁ። ጉድጓድ ስንል ከመሬት በታች የተቆፈረ ዋሻ አይምሰላችሁ። ስካቫተር አፈሩን ይገልጣል። ከቀዩ አፈር ሥር ግራጫ ሸክላ አለ፣ ከሸክላው ሥር ጥቁሩ። እኛ በዶማና በእጅ ድንጋይና ሸክላውን እንለያለን፣ ገልባጭ ላይ እንጭናለን። ክፍያው በጭነት ነው። ዝናብ ከሆነ ሲኖትራክ አይወጣም። መኪና ካልወጣ ደግሞ አልሠራህም። ባለፈው ክረምት ስድስት ሳምንት እጄን አጣጥፌ ተቀምጫለሁ።

አሁን ስለ ደቃቁ። ገዢ መጥቶ አመዱን ይለካል። የእኛ አገር ከሰል አመዱ ይበዛል። አንኳሩን ይወስዳል። ደቃቁ እዚያው ይቆለላል። ሲቆይ ውስጥ ውስጡን ይግላል፣ አንድ ቀን ማንም ሳይለኩሰው መጨስ ይጀምራል። ማታ ማታ ከኮረብታው ስታየው ቀይ ስንጥቅ ይታያል። የሰፈሩን ልጆች ያስላቸዋል። ያ ነው እንግዲህ «ይጣል» የሚባለው። አንድ ሰው ያንን ደቃቅ አጥቦ፣ ጨምቆ፣ አክስሎ እናቴ ደጅ ካደረሰው፣ እኔ በሁለት መንገድ ተጠቀምኩ። ሥራ ጨመረልኝ፣ ጭሱም ከራሴ ላይ ወረደ።

ሹፌሩ ወንድሜ ስለ መንገዱ ያለው ልክ ነው። ግን ማክሰያው እዚህ ጉድጓዱ አጠገብ ከሆነ፣ አስር ቶን ከማመላለስ ሰባቱን ብቻ ትጭናለህ። ክረምት ሲገባም እኛ ፋብሪካ ውስጥ እንሠራለን፣ በጭነት ሳይሆን በወር ደመወዝ። ለእኔ ከዋጋው በላይ ይሄ ነው የሚያጓጓኝ።

የሼፊልዱን ወንድሜን ጽሑፍ ግን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አበርኩምቦይ የምትለዋን መንደር። ማክሰያው እዚህ ከተተከለ ጭሱን የምጨርሰው እኔ ነኝ ማለት ነው። ይህንን አላሰብኩትም ነበር። እህቴ ስትነግረኝ የታየኝ የሥራው መብዛት ብቻ ነው። አስተማሪዋ፣ ቅጥራኑና ጋዙ ምን ይደረጋል?


አስተማሪዋ (ሐረር)
ሐሙስ፣ ማታ 2፡00

በርታ ወንድሜ። ጥሩ ጥያቄ ነው።

ጋዙ ይነድዳል። ተይዞ ተመልሶ የማክሰያውን ምድጃ ማሞቅ አለበት፤ ደህና ፋብሪካ ሁሉ ያንን ያደርጋል። ነዳጅም ይቆጥባል። ወደ አየር የሚለቀቅ ከሆነ የባለቤቱ ስስት ነው። ቅጥራኑ ቀዝቅዞ በጋን ይጠራቀማል። እንጨት ከምስጥ ለመከላከል፣ ለመንገድ፣ ለኬሚካል ይሸጣል። በእጅ የሚነካ ነገር አይደለም፣ ቆዳ ላይ ካንሰር ያመጣል። ጓንትና ልብስ፣ መታጠቢያ ውሃ፣ የሥራ ልብሱን ወደ ቤት ይዞ አለመሄድ። ውሃውም አለ፤ ከጋዙ ጋር የሚወጣው ቆሻሻ ውሃ ወንዝ ውስጥ ከገባ ዓሣውንም ከብቱንም ይጎዳል።

ፋብሪካውን ልታይ ስትሄድ ሁለት ነገር ብቻ ተመልከት። ጋዙ በቧንቧ ወደ ምድጃው ይመለሳል ወይ? ቅጥራኑ ጋን ውስጥ ነው ወይስ ጉድጓድ ውስጥ?


ጡረተኛው ፊተር (ድሬዳዋ)
ሐሙስ፣ ማታ 2፡40

ልጄ የዳውሮው፣ እኔ አንድ ልጨምር። ቫልቭ፣ ቧንቧ፣ ማኖሜትር (የግፊት መለኪያ) መጠገን ተማር። ዶማውን የሚተካው ማሽን ብዙ ነው። ቧንቧ የሚያፈስስበትን ቦታ በጆሮው የሚለይ ሰው ግን ሁሌም ይፈለጋል። ድሬ ስትመጣ ቤቴ ና። መሣሪያዎቼ ዘይት ተቀብተው በጨርቅ እንደተጠቀለሉ ናቸው። የወር ጊዜ ካለህ የማውቀውን አስይዝሃለሁ።


የደቃቁ ልጅ (ዳውሮ)
ሐሙስ፣ ማታ 3፡15

ጋሼ፣ ለክረምቱ እመጣለሁ። እጅ ነሥቻለሁ።


የቀፊራ ልጅ
ዓርብ፣ ማታ 1፡50

ቆርቆሮውን ሞከርነው። ከጓሮ፣ ግቢው ባዶ ሲሆን።

ከመጀመሪያው ኬሻ ሦስት ድብልብል ሰብረን አስገባን። በቀዳዳው ትንሽ እንፋሎት መሰል ነገር ወጣ፣ ከዚያ ምንም። እናቴ ፈገግ አለች። ከሁለተኛው ኬሻ ደግሞ ሦስት ሰበርን። አምስት ደቂቃ አልሞላውም፣ እንደ ገመድ የተጠመዘዘ ቢጫ ጭስ ወጣ። ክብሪት ሳስጠጋው በቀዳዳው አፍ ላይ እንደ ኩራዝ ነደደ። ጓሮው እስከ ማታ ድረስ አዲስ አስፋልት እንደሚፈስበት መንገድ ሲሸት ዋለ። ሁለቱ ኬሻ መልካቸው አንድ ነው። ጽሑፋቸውም አንድ ነው። እሑድ ቡና ያፈላንበት ከመጀመሪያው ነበር።

እናቴ ሰውየውን ደወለችለት። መጀመሪያ ካደ። ከዚያ ከሁለት ቦታ ነው የሚመጣልኝ አለ። እሷ ደግሞ እንዲህ አለችው፦ «እኔ ከሰል ስገዛ ድምፁን ሰምቼ ነው። ያልበሰለ ከሰል ሲወድቅ የእንጨት ድምፅ አለው፣ የበሰለው እንደ ሸክላ ይጮኻል። የአንተን ድምፅ ገና አላወቅኩትም። ስለዚህ ቆርቆሮዬ ትናገራለች። በየጭነቱ አንድ ኬሻ በፊትህ እሞክራለሁ፣ የጨሰ ከሆነ ይመለሳል።» እሺ አለ። በጽሑፍም እፈርማለሁ ብሏል።

ስለ ሥራዋ የጠየቀችኝን ጥያቄም ራሷ ነካችው። የእንጨት ከሰሉን አልተውም ትላለች። ሁለቱንም ጎን ለጎን ልትይዝ ነው። የሹፌሩን የፕሮሶፒስ ሐሳብ ስነግራት ተሳበች። ከሺኒሌ የሚያመጡላትን ሰዎች ግራር ሳይሆን እሱን አክስለው እንዲያመጡ ልትጠይቃቸው ነው። እነዚያም ቤተሰብ አላቸው፣ አላሰናብታቸውም ብላለች። ነርሷ የጻፍሽውን በካርቶን ላይ በትልቁ ጽፌ ሱቋ ደጃፍ ሰቀልኩላት፣ በአማርኛም በኦሮምኛም በሶማሊኛም። ጎረቤቶቻችን ተባብረው ተረጎሙልኝ።

ሰውየው ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ይመጣል። ማክሰያውን የያዙትን ሰዎች ቁጥር ይዞ እንዲመጣ ነግራዋለች። የአስተማሪዋን ሁለት ጥያቄ በወረቀት አስይዤያታለሁ፤ ጋዙ ይመለሳል ወይ፣ ቅጥራኑ የት ነው። የጋሼንም ሦስተኛ አድርጌ ጨመርኩ፤ ሥልጠናው ለማን ነው።


የደቃቁ ልጅ (ዳውሮ)
ዓርብ፣ ማታ 2፡30

ነገ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ኮረብታው ላይ ነኝ። ስልኩን ድምፅ ላይ አድርጊውና መሐል አስቀምጪው። እማዬ ራሷ ትጠይቅልኝ።